አባቴ የጨመረልኝ መደምደሚያ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
የሴቶች ማደሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ

ለአባቴ፣

«ውድ አባዬ» ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት። ሁለተኛውን በ«እርስዎ» ጀመርኩ፤ ተናድጄም እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ እሱንም ቀደድኩት። ይህ ሦስተኛው ነው። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ድምፅህን ከስብከትህ ቅጂ ሰምቼዋለሁ፣ ጤነኛ ነህ። ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትል። ስደውልልህ ገና ሁለት ቃል ሳልናገር «ቆይ፣ እንጸልይ» ትላለህ፤ አሜን ካልን በኋላ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠብቅህ ሰው አለ።

ማክሰኞ የስብከት ዘዴ ክፍለ ጊዜ ነበር። አስተማሪያችን፣ ያ ጠመኔ ጆሮው ላይ የሚሰካው ሰውዬ፣ «ዛሬ በምሳሌ እንዴት እንደሚሰበክ ከአንድ የታወቁ መጋቢ እንማራለን» ብሎ ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘ። አንተ ነህ። ሃያ ስምንት ተማሪ ዞሮ አየኝ፤ እኔም እንደ ሞኝ ኮራሁ። ደብተሬን ገልጬ ርእሱን ጻፍኩ፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። የአባቴ ስብከት ነዋ!

ከዚያ «አንዲት የማውቃት ልጅ አለች» አልክ። እናቷ ሞታባት፣ ኮሌጅ ሆና፣ ከእንግዲህ መጸለይ አልቻልኩም ብላ ደብዳቤ ጻፈችልኝ አልክ። አፌ ይንቀሳቀሳል እንጂ ውስጤ ባዶ ነው ያልኩህን ቃል በቃል፣ ነጠላ ሰረዝ ሳታስቀር አነበብክላቸው። ያንን ደብዳቤ ለመጋቢው አልጻፍኩትም፤ ለአባቴ ነው የጻፍኩት። ከላይ «ለአንተ ብቻ» ብዬበታለሁ። ይህቺን ግን አላነበብክላቸውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ገመናዬን ጉባኤው ሁሉ ከእኔ በፊት ሰምቶታል።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሱን እንኳ በቻልኩት ነበር። አንጀቴን ያሳረረው መጨረሻው ነው። «ያቺ ልጅ ዛሬ ተመልሳለች! በእንባ ተመልሳለች!» አልክ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። አስተማሪው ቅጂውን አቁሞ «አያችሁ? መደምደሚያ የሌለው ምሳሌ ጣሪያ የሌለው ቤት ነው» አለን። ሁሉም ጻፈ። መቼ ነው የተመለስኩት አባዬ? ማን አየኝ? ለደብዳቤዬ መልስ እንኳ አልሰጠኸኝም። ሦስት ወር ሙሉ የፖስታ ሣጥን ስከፍትና ስዘጋ አንተ መደምደሚያዬን እያሳመርክ ነበር።

የክፍል ጓደኛዬን ታውቃታለህ፣ «ማስታወቂያ» የምንላትን፤ የሰው ምስጢር በጸሎት ርእስ ስም የምታዞረዋ። የምሳ ሰልፍ ላይ መጥታ አቀፈችኝ። «ለካ አንቺ ነሽ! በጸሎት ርእስ አስገብቼሽ ነበር፤ አሁን ወደ ምስጋና አዛውሬሻለሁ» አለችኝ። ሳህኔን ይዤ ከሰልፉ ወጣሁ። በማግሥቱ የተማሪዎች ዲን ጠሩኝ።

ዲናችን በጠዋት አምልኮ ባዶ ወንበር የሚቆጥሩት ሰው ናቸው። የእኔ ወንበር በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ስለዚህ በፈገግታ ነው የተቀበሉኝ።

«አባትሽ መመለስሽን ተናገሩ፤ ተመስገን። ዓርብ ጠዋት ምስክርነት ትሰጫለሽ።»

«አልተመለስኩም» አልኳቸው።

«እንዴት ማለት?»

«አልተመለስኩማ። ሄጄም እንደሆነ አላውቅም። መጸለይ ነው ያቃተኝ።»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ አባትሽ ዋሹ ልትዪ ነው?»

«አስቢበት ልጄ» አሉኝ፤ «ወይ ትመሰክሪያለሽ፣ ወይ ዓመቱን ቤትሽ ታርፊያለሽ። የማይጸልይ ሰው ለአገልግሎት አናስመርቅም።» እዚህ ማባረርን «ማሳረፍ» ነው የሚሉት። ለመመረቅ ሰባት ወር ነው የቀረኝ። ዋሽቼ ልመረቅ፣ ወይስ አንተን አዋርጄ ልባረር? ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ ያንተ ውሸት ግን ተሸካሚ ሲያገኝ ጊዜ ከበደ።

ሐሙስ ቅጂውን ከማስታወቂያ ስልክ ወስጄ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ደጋግሜ ሰማሁት። ልጠላህ ፈልጌ ነው የሰማሁት፤ እውነቱን ልንገርህ። ሦስተኛው ላይ አንድ ነገር ያዘኝ። «ያቺ ልጅ» ትላለህ፣ «ጠዋት ጠዋት የእናቷን መነጽር ከመሳቢያ አውጥታ ትወለውለዋለች። መልሳ ትከተዋለች። ከዚያ ልትጸልይ ትንበረከክና እንዲሁ ትነሳለች።» እኔ ይህን አልጻፍኩም። የእማዬ መነጽር አንተ ራስጌ ያለው መሳቢያ ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ ከቀብሩ ወዲህ ቤት አልመጣሁም፤ ዕረፍቱንም እዚሁ መጻሕፍት ስደረድር ነው የከረምኩት።

አባዬ፣ መነጽሩን የሚወለውለው ማነው?

ይህን ሳውቅ የበረደልኝ እንዳይመስልህ። ባሰብኝ እንጂ! ለካ መልስ ያልጻፍክልኝ የምትለው ስላጣህ ነው። «እኔም እንዳንቺው ሆኛለሁ» የምትል አንዲት መስመር ብትልክልኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ወር ብቻዬን ያበድኩ እየመሰለኝ አልኖርም ነበር። አንተ ግን እኔ ውስጥ ተደበቅህ። በእኔ ስም ተናዘዝክ፣ መመለስህንም በእኔ ስም አወጅክ፣ ጭብጨባውን ግን ራስህ ወሰድክ።

ዓርብ መድረክ ላይ ወጣሁ። አዳራሹ ሙሉ ነበር፤ ዲኑ እንኳ የሚቆጥሩት አላገኙም። «በስብከቱ የሰማችኋት ልጅ እኔ ነኝ» አልኩ። «ደብዳቤው የእኔ ነው። መደምደሚያው ግን የአባቴ ነው። እኔ አልተመለስኩም።» ከኋላ አንዱ በልማድ «አሜን!» ብሎ ጮኸ፤ በዚያ ጭንቅ ሳቄ መጣ። ወርጄ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ምሳ ሳይደርስ የማሳረፊያ ደብዳቤዬ ተጽፎ አለቀ። ዲኑ ራሳቸው ሰጡኝ። ማስታወቂያ እያለቀሰች «እንጸልይልሽ» ስትለኝ ተዪኝ ብዬ ሻንጣዬን ዘጋሁ።

ስለ መነጽሩ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ለዲኑም አልተናገርኩም፣ ለአክስቴም አልናገርም። መድረኩ ላይ ብናገረው አዳራሹን በእንባ አራጭ ነበር፤ ስብከት ተምሬ የለ? እሱ ግን ያንተ ገመና ነው። የሰው ገመና እንዴት እንደሚያዝ አንድ ሰው ሊያሳይህ ይገባል፤ ካልጠፋ ሰው ልጅህ ሆነች።

ይህ ደብዳቤ ቀድሞኝ እንዲደርስህ አክስቴ ዘንድ አንድ ሳምንት እሰነብታለሁ። የሚመጣው ቅዳሜ ቤት እገባለሁ። ክፍሌን የመጽሐፍ መጋዘን አድርገኸው ከሆነ አስለቅቅልኝ። የግፊት ክኒንህንም ሳትረሳ ዋጥ። ታርቄህ አይደለም የምልህ፤ በአንድ ዓመት ሁለት ቀብር ስለማልችል ነው።

ደብዳቤ በምርቃት መዘጋት እንዳለበት ያስተማርከኝ አንተ ነህ። የእኔ ምርቃት ከአፍ የማያልፍ እንዳይሆን ፈራሁ፤ እስኪመጣልኝ ይቆይህ።

እሁድ ጠዋት ፊት ለፊትህ፣ እማዬ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ታገኘኛለህ። ስለ ሌላ ሰው ከሰበክህ ተነስቼ እወጣለሁ። ስለ ራስህ ከተናገርክ ግን ጉባኤው በሙሉ ተነስቶ ቢወጣ እንኳ እኔ አልነሳም።

ልጅህ