ለቤርሳቤ የላክሁት ቅጠል

ይድረስ ዓይኔ ለተራበሽ ታናሽ እኅቴ ለቤርሳቤ፣ ወረኢሉ።

እንደምን ሰነበትሽ እኅት ዓለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ማስመለሱ ተወሽ ወይስ እስካሁን እህል አላስቀምስ ብሎሻል? እማዬን ጉልበቷ እንዴት አደረጋት? የአባዬ ሳልስ? እኔ፣ ባለቤቴ ወንዶሰንና ሚያዝያ ሃያ ቀን የተወለደችው ልጃችን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አዎ፣ ተገላግያለሁ! እልል በይልኝ።

ደብዳቤሽን ጎረቤታችን የሱፍ ታኅሣሥ ላይ ከሄደበት ከአገር ቤት ሲመለስ ትናንት አመጣልኝ። እጄ ላይ ጣል አድርጎ ሳይቀመጥ ሊሄድ ሲጣደፍ ገርሞኝ ነበር። ሳነበው ገባኝ። «የላክሽልኝን የማስመለስ መድኃኒት የሱፍ መንገድ ላይ ጠፋብኝ አለኝ፤ ሌላ ላኪልኝ» ብለሻል። ይቺን ስደርስባት መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ወንዶሰን ሰው የሞተ መስሎት ክው አለ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ስጸንስ ውሃ እንኳ አልረጋልኝ ሲል ጎረቤቴ አልማዜ ደረቅ ቅጠል በጋያ ሞልታ አጨሰችኝ። ሀሺሽ የሚሉት ነው። ያን ቀን ገንፎ በላሁ። ከዚያ ወዲያ ጧትና ማታ ሆነ። ሞኝነቴን ልንገርሽ፤ የዚህ አገር ወባ አይጣል ነው፣ ጤና ጣቢያ የሚሰጡኝን የወባ ኪኒን ግን ጽንሱን ይጎዳል ብዬ ትራስ ሥር እደብቅ ነበር። ኪኒኑን የፈራሁ ሴትዮ ጭሱን እንደ ጠበል ቆጠርኩት፤ ከጓሮ የበቀለ ነገር ምን ያደርጋል ብዬ። አንቺም መጸነስሽን ስሰማ ታኅሣሥ ላይ በጨርቅ ቋጥሬ በየሱፍ እጅ ላክሁልሽ።

ጥር ላይ አዋላጇ ሲስተር አቻን ሆዴን ለክታ ከወሩ አንሷል አለች። የአኙዋክ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ አጠር ያለ ነው። ልብሴ ሸትቷት ኖሮ ምን እንደማጨስ ጠየቀችኝ። ዋሸኋት። አልተቆጣችም፣ ደግማ ጠየቀችኝ። እውነቱን ስነግራት «አንቺ ስታጨሺ ልጅም ያጨሳል። እሱ እምቢ ማለት አይችልም» አለችኝ። በደም አልፎ በእትብቱ ይደርሰዋል አለች። ያለ ቀኑ ሊወለድ፣ ክብደቱ ሊያንስ፣ ሲያድግም ትምህርት ሊከብደው ይችላል። በጡት ወተትም ያልፋል። ሁሉም ልጅ ይጎዳል አላለችም፤ የትኛው እንደሚተርፍ ግን ማንም አያውቅም አለች። የወባ ኪኒኑ ደግሞ ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ ነው፣ ዋጪው አለችኝ።

በዚያው ቀን ተውኩት። ትውከቱ ተመልሶ ሁለት ሳምንት አንገላታኝ፤ ደረቅ ቂጣ ጥቂት ጥቂት እየቆረጠምኩ አለፈ። ያንቺ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እንዳትነኪው ብዬ ወዲያው የጻፍኩት ደብዳቤ አለመድረሱን አሁን ነው ያወቅሁት። አራት ወር ሙሉ፣ በገዛ እጄ እኅቴን ጎዳሁ እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ።

ዛሬ ጧት የሱፍን ማሳው ላይ ያዝኩት። ጠፋብኝ ብሎ ሊምል ሲል አትማል አልኩት። እውነቱን አወጣ፤ ለካ ሽታውን ሲያውቀው ጊዜ ጋምቤላ ከተማ ሲደርስ ባሮ ወንዝ ውስጥ ወርውሮታል፤ እኔን ፈርቶ ጠፋብኝ አለ። አቅፌ ሳምኩት። ሰውዬው በሀፍረት መግቢያ አጣ፣ ሚስቱ በሳቅ ሞተች።

ልጄ ሁለት ኪሎ ተኩል ሆና ተወለደች። ሲስተር አቻን ትንሽ ናት ግን ደህና ናት፣ በየወሩ አምጪያት ብላኛለች። ጡት ስትስብ ብታያት ከማን የተቀማች ነው የምትመስለው! አንቺም ያን ቅጠል ማንም ቢሰጥሽ እምቢ በይ። ማስመለሱ ከጠናብሽ ጤና ጣቢያ ሂጂና ሳትደብቂ ንገሪያቸው።

የእማዬንና የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ባለቤትሽን እንዴት ነህ በይልኝ። አክስታችንንም፣ ልጆቿንም አንድ በአንድ ሳሚልኝ። በመጨረሻ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊና ለዚያ ልጅም ሰላምታዬን ንገሪው። አክስትህ ሳታውቅ ልትጎዳህ ነበር፣ ይቅር በላት በይልኝ።

እኅትሽ እናትነሽ
አቦቦ፣ ጋምቤላ
ግንቦት 12 ቀን 1988 ዓ.ም.