አባትሽ የደበቀው መቀስ

ልጄ፣ የያዝሽውን ፈጣሪ ያጽናልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽ ጆሮ እንደሆነ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚሰማው።

እንደገና ማርገዝሽን የነገርሽን ዕለት ግን ሰምቷል። የልብስ መቀሴ ጠፍቶ ቤቱን ሳምስ ዋልኩ፤ ለካ ከመፍቻዎቹ ሳጥን ውስጥ ደብቆታል። በፊት ዜናሽን በሰማሁ ቁጥር የሕፃን ልብስ እቆርጥ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ አስወረደሽ። ልብሶቹ ዛሬም ስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ስሰፋ ጉልበቴ መሳቢያውን ሲነካው፣ ትንሽ እጅ የነካኝ ይመስለኛል።

መቀሱን እንዳላየሁ ሆኜ ሳጥኑን ከደንኩት።

አንቺ ግን «ደህና ነኝ እማዬ» እያልሽ አትደብቂኝ። ልጅሽን አቅፈሽ ለመሳም ያብቃሽ። እስከዚያው ፍርሃቱ ሲመጣብሽ ደውዪና ዝም በዪ፤ እኔም ዝም እላለሁ። ብቻ ስልኩን አትዝጊው።