ሁለቱ የነጥብ ወንበሮች

ውድ ወንድሜ ክሊፍ፣

የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትጽፈው ኖሪን ናት፣ የከተማችን የሎንግሪች ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ። ማንበብና መጻፍ እንደማልችል ታውቃለህ፤ አላፍርበትም። በቀን መቶ ሰባ በግ የሸለተ እጅ ብዕር ባይይዝ ምን ይጎድልበታል? «ለሞተ ሰው ደብዳቤ የት ይላካል?» ስትለኝ «አንቺ ጻፊ፤ አድራሻው የኔ ጉዳይ ነው» አልኳት። እንዳታሳምረውም ነግሬያታለሁ።

ካርዱን ያወጣሁት አንተን ለማየት ብዬ ነው። ይህን ሚስትህ ዶት አታምንም፤ አንተ ግን እመነኝ። የባንኳ ሴትዮ «በዚህ ክሬዲት ካርድ በዱቤ በገዙ ቁጥር ነጥብ ይጠራቀምልዎታል፤ ነጥቡ ሲበዛ በነፃ ይበራሉ» አለችኝ። በነፃ! ከሎንግሪች ብሪዝበን፣ ከብሪዝበን ዳርዊን፣ አንተ በረንዳ ላይ። ዕድሜ ልኬን በነፃ ያገኘሁት ዝንብ ብቻ ስለሆነ ደስ አለኝ።

አርብ አርብ ክለቡ ውስጥ ምን እሠራ እንደነበር አልነገርኩህም። ወጉን ታውቀዋለህ፤ አንዱ ለሁሉም ቢራ ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው ይገዛል፣ ማንም ሒሳብ አይጠይቅም። እኔ ዙሩን ሁሉ በካርዴ እየከፈልኩ ከእያንዳንዱ ጥሬ ገንዘቡን መቀበል ጀመርኩ፤ ነጥቡ የኔ እንዲሆን። አንድ አርብ ከሸላቾቹ አንዱ፣ ዋል፣ «ስማ ኤርኒ፣ ቢራ ልትጋብዘን ነው ወይስ ልትሸጥልን?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። በሚቀጥለው አርብ ግን ቦታ የያዘልኝ አልነበረም። አርባ ዓመት አብሬያቸው የሸለትኩ ሰዎች ናቸው።

በኅዳር ደወልክ። «አንተ ሽማግሌ፣ የምትመጣ ከሆነ አሁን ና፤ ይሄ ሳንባ አልያዘልኝም» አልከኝ። ከዚያ ሳልክ፤ ሳሉ ከወሬው በለጠ።

በነጋታው አየር መንገዱ ጋ ደወልኩ። ነጥቤ ሞልቶ ተርፏል፤ ስልኩን ያነሳችው ልጅ ራሷ መሰከረች። «ግን በየበረራው ለነጥብ የተመደቡት ሁለት ወንበሮች ናቸው፤ እስከ ግንቦት ተይዘዋል» አለች።

«አውሮፕላኑ ውስጥ ባዶ ወንበር የለም?»

«ባዶማ አለ፣ ጌታዬ። በገንዘብ ነው። ዘጠኝ መቶ ዶላር።»

«በነጥብ የሚቀመጥ ቂጥና በገንዘብ የሚቀመጥ ቂጥ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት።

ዘጠኝ መቶ ዶላር ነበረኝ፣ ክሊፍ። ይህቺን ቃል ኖሪን እንዳትዘላት ሁለቴ ነግሬያታለሁ። የለፋሁበትን ነገር እንደገና አልገዛም ብዬ ነው። አንተ «እኔ ልክፈልልህ» ስትለኝ ደግሞ ጮህኩብህ፤ «ለማኝ አደረግከኝ እንዴ? ግንቦት ሩቅ አይደለም!» «እሺ፣ አለቃ» አልክ። በመጋቢት ሞትክ።

ዶት ስትደውል «ለቀብሩ እመጣለሁ» አልኳት። ድምፅዋን እንኳ አላነሳችም። «ምን አስቸኮለህ ኤርኒ፤ ግንቦትን ጠብቅ» ብላ ዘጋችው። ቀረሁ። ለሰው የተናደድኩ አስመሰልኩ እንጂ አፍሬ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ባንኩ የላከልኝን ፖስታ ሁሉ በከረጢት ይዤ ኖሪን ጋ የሄድኩት። የሦስት ዓመት፣ አንዱም ያልተከፈተ። በየወሩ ልከፍል ስሄድ «ትንሹን ነው ወይስ ሙሉውን?» ሲሉኝ «ትንሹን» እል ነበር፤ ለካ በቀረው ላይ ወለድ እየተቆለለ ኖሯል። ካርዱን ለመያዝም በየዓመቱ ይቆረጣል።

«ታዲያ ነፃው የቱ ጋ ነው?» አልኳት።

«ነፃ የሚባል የለም፣ ኤርኒ። ካርዱን ባስነካህ ቁጥር ባንኩ ከባለ ሱቁ ይቆርጣል፤ ባለ ሱቁም ዋጋው ላይ ይጨምራል። በጥሬ ገንዘብ የሚገዛው ሰው ሳይቀር ያንኑ ይከፍላል። የሚያተርፈው በየወሩ ሙሉውን ከፍሎ የሚገላገል ነው፤ የሱን መሳፈሪያ የምትሸፍኑለት እንዳንተ ትንሹን የምትከፍሉት ናችሁ።»

«ነጥቡስ ስንት ያወጣል?»

«ዛሬ እነሱ ያሉትን ያህል። ነገ ሊያሳንሱት ይችላሉ። ወንበሩንም ሲፈልጉ ይሰጡሃል፣ ሲፈልጉ ይነሱሃል።»

በወለዱ ብቻ ዳርዊን አራት ጊዜ ደርሼ እመለስ ነበር።

ሌቦች ናቸው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሁሉንም ጽፈው ልከውልኛል፤ አንብቡልኝ ማለት የሞት ያህል የከበደኝ እኔ ነኝ። እንዳልሳፈር የከለከለኝም ካርዱ አይደለም። ዘጠኝ መቶ ዶላር ኪሴ ውስጥ ይዤ፣ አንተ እየታፈንክ፣ ነጥቤን ሳቅፍ የከረምኩት እኔ ነኝ።

ትናንት የጉዞ ወኪሏ ጋ ሄጄ በጥሬ ገንዘብ ትኬት ቆረጥኩ። «የአባልነት ቁጥር አለዎት? ነጥብ ይታሰብልዎታል» አለችኝ። «የለኝም» አልኳት።

ማታ ዶት ጋ ደወልኩ። «ሐሙስ እመጣለሁ» ስላት «ማንን ልታይ?» አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁና ሻንጣዬን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ሐሙስ ግን እመጣለሁ።

ታላቅ ወንድምህ ኤርኒ ትራንተር፣
በኖሪን እጅ