ከአንድ ጎጆ የወጡ ሠላሳ ሦስት በቀቀኖች

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2022፣ ብሌንደን ታውንሺፕ። ከጠዋት ጀምሮ ስስ በረዶ ይበናል። የእድር ስብሰባው እኔ ቤት ነበር፤ ሌሎቹ ሄደው እትዬ ፀሐይወርቅ ብቻ ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል። «ሰላም በይልኝ» ይሉሃል።

ውድ ጁነዲን፣

አሰላሙ አለይኩም። ዳላስ ተስማምቶሃል ብዬ አምናለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ የምሠራበት ዌርሃውስም ወደ ቀን ሺፍት አዛወረኝ። ስልክ ላይ ሁልጊዜ ስለምትቸኩል ልጻፍልህ ብዬ ነው። ወፍራሙን ጃኬትህን ለጎረቤት ሰጠሁት፤ እዚያ አያስፈልግህም።

ፓርኪንጉ ውስጥ የመብራት ምሰሶው ላይ የሰፈሩትን አረንጓዴ በቀቀኖች ታስታውሳለህ? በኮሮናው ሰመር ሁለት ሆነው ሲመጡ «ከሰው ቤት ያመለጡ ናቸው፤ ብርዱን አያልፉም» ብለህ ነበር። አለፉት። አምና አሥራ አንድ ደረሱ፤ የጭራሮ ጎጆአቸውም ከማዳበሪያ ከረጢት በለጠ።

እኔ ማንበብ የለመድኩት ከሱቅ መጠቅለያ ወረቀት እንደሆነ ታውቃለህ። አሁንም ያገኘሁትን ቁራጭ አልጥልም። ቺካጎም ኒውዮርክም እንዳሉ፣ አንዳንዴ እንደሚበዙ፣ አንዳንዴም እንደሚቀንሱ ያነበብኩት እንደዚያ ነው። ሌላው ወፍ ጎጆ የሚፈልገው ለጫጩት ነው፤ እነዚህ ግን ብርዱንም የሚያሳልፉት እዚያው ውስጥ ተጣብቀው ነው። በዚህ ወቅት ከፈረሰባቸው ያልቃሉ።

ሰኞ ሊፈርስ ነው። ጥፋቱም የእኛው ነው።

የአፓርትመንቱ ኦፊስ ውስጥ የምትሠራው ሰምሀል፣ እዚሁ የተወለደችው ልጅ፣ ወፎቹ ስንት እንደሆኑ ጠየቀች። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሼ ጀማነህ «ለእኔ ተዉት» ብለው በምሰሶው ዙሪያ ያለነውን አራት ቤቶች ዞሩ። እኔ ዘጠኝ አልኩ፣ አንዱ ቤት ዘጠኝ፣ ሌላው ስምንት፣ ሌላው ሰባት። እሳቸው እንደ መዋጮ ደመሩና «ሠላሳ ሦስት» ብለው አስረከቡ! ሰምሀል «ኦ ማይ ጋድ፣ እየበዙ ነው» ብላ እንዲፈርስ አዘዘች። ካልጨመሩ እስከ ስፕሪንግ ልትተዋቸው ነበር።

ዛሬ ስብሰባው ላይ ይህን ሲነግሩን አቋረጥኳቸው።

«ጋሼ፣ ወፎቹ እኮ ያው ናቸው» አልኩ። አንተ ብትኖር ቀሪውን ትጨርስልኝ ነበር። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«እንዴት ያው ይሆናሉ? እያንዳንዱ ቤት የየራሱን አይደል የሰጠኝ?»

«መዋጮ ከሰጡት በኋላ በቦታው ይቀመጣል። ወፍ ግን ከእርስዎ መስኮት ተነሥቶ እኔ መስኮት ይመጣል።»

እትዬ ፀሐይወርቅ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ጀማነህ፣ አንድ በግ አራቴ ቆጥረህ ድግስ ጠርተሃል በለኛ!»

ጋሼ ጀማነህ ፊታቸው ቀላ። «እና ሄጄ ለዚያች ልጅ መደመር አልችልም ልበላት? ወፍ ነው፤ ይቅር።»

«አይቀርም» አልኩ። ድምፄ እንደዚያ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። እዚያው ሁሉም ፊት ለሰምሀል ኮል አደረግኩ።

«እትዬ ሞሚና፣ ነገ ወደ ቸርች ስሄድ በዚያ አልፋለሁ» አለችኝ። «አለመብዛታቸውን በዓይኔ ካየሁ ማፍረሱን ካንስል አደርገዋለሁ።»

ካላመነችኝ ሰኞ ምሰሶው ሥር እቆማለሁ፤ አፍራሾቹ እኔን አልፈው አይወጡም።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ። እንቅልፍ ከመጣብህ መኪናውን አቁመህ ተኛ። ያለህበትን ቤት ሰላም ያድርገው፤ አብሮህ ያለውንም ሰው።

እሑድ ጠዋት። ደብዳቤውን ሳላሽገው ቀረሁ፤ ይህንም ልጨምርልህ። ፈጅር ሰግጄ ወረድኩ። ጎህ ሲቀድ ሰምሀል መጣች። ጎረቤቶቹ በየመስኮታቸው ቆመዋል፤ ጋሼ ጀማነህም ጋቢያቸውን ደርበው። ወፎቹ እየተንጫጩ ሲወጡ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ቆጠርን። ከዚያ በየመስኮቱ ጣቶች ተነሡ፤ ሁሉም ዘጠኝ።

«አምና አሥራ አንድ ነበሩ» አልኳት። «ቀንሰዋል።»

ሰምሀል ስልኳን አወጣች። «እሺ፣ እስከ ስፕሪንግ ይቆያል። ግን የሚወድቀውን ጭራሮ የሚያጸዳ አንድ ተከራይ መመዝገብ አለብኝ። ጋሼ ጁነዲን ልበል? ሊዙ ላይ፣ የኪራይ ውሉ ላይ ያለው የባለቤትዎ ስም ነው።»

«ሞሚና ብለሽ ጻፊ» አልኳት። ቆሜ ስትጽፍ አየሁ። ከዚያ መጥረጊያ አምጥቼ ምሰሶው ሥር ያለውን ጭራሮ ጠረግኩ።

ሞሚና