ደንገጎ ሲዘንብ ብቻ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3
ደቻቱ ዛሬም አሸዋ ነው። ወንዝ ይሉታል እንጂ ውሃ የሚያየው ጎርፍ ሲመጣ ነው። ጠርሙሶቹን እንደገና አጥቤ ደረደርኩ… ላይ፣ ተራራው ደንገጎ ካልዘነበ ላቦራቶሪው ሥራ የለውም። ከዘነበ ደግሞ አዩብ ይደውላል።

አዩብ እዚሁ ከጎኔ ነበር የሚሠራው። የዝናብ መለኪያውን እንዲጠብቅ ደንገጎ ከላኩት ወዲህ ድምፁን የምሰማው ሲዘንብ ብቻ ነው። የጎርፍ ውሃ ጥናታችን ጳጉሜ ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ምን ብሎ ይደውላል? አቦ፣ ሙቀቱ ነው እንዲህ የሚያስቀባጥረኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11
ደወለ! «ናያ፣ አንቺ ሙኒያ! ሰማዩ ተቀዷል፣ ሩጪ!» ባጃጅ ይዤ ወደ ድልድዩ። እዚህ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አሸዋው ላይ አትክልት የዘረጉት ሴቶች ግን ወሬው ደርሷቸው ጆንያቸውን እየጎተቱ ይወጣሉ። ጎርፉ እያጓራ መጣ። ባልዲውን በገመድ ሰድጄ ቀዳሁ።

መልሶ ደወለ። «ደረሰሽ?» «ደረሰኝ።» «ድምፅሽ ደክሟል… በልተሻል?»

በልተሻል አለኝ! ያንን እያሰብኩ ላቦራቶሪ ገባሁና አሲዱን በሁለቱም ጠርሙስ ጨመርኩት። አንዱን መጀመሪያ ሳላጣራ። ጉድ!

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12
አለቃዬ አቶ ኒቆዲሞስ ራሳቸውን ያዙ። «ጀማሪ ነሽ እንዴ? እኛ ማወቅ የፈለግነው እርሳሱና ዚንኩ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ነው የሚሄደው፣ ወይስ ጭቃው ላይ ተለጥፎ? ሳታጣሪ አሲድ ስትጨምሪ ጭቃው የያዘውን ሁሉ ይለቀዋል። በምን እንለየው?»

ምን እላለሁ? «በልተሻል ስላለኝ ነው» ልበል? ሌላ ጎርፍ ጠብቂ ተባልኩ። ማፈር ሲገባኝ ደስ አለኝ። ቢያንስ አንዴ ይደውላል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24
ደመናም የለም። ናፈቀኝ፣ ምን ይደረግ።

እሑድ፣ ነሐሴ 4
ደወለ። «እያጉረመረመ ነው፣ ሳይመጣ አይቀርም።» ስለ እናቱ ጉልበት፣ ስለ ደንገጎ ብርድ፣ ስለማይረባው ሁሉ አወራን… ረጅም ሰዓት። ከዚያ ከቤቴ ከሳቢያን ባልዲዬን አንጠልጥዬ ሄድኩ፣ በዕረፍት ቀኔ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድልድዩ ላይ ተገተርኩ። ጠብታ የለም! ሰው ሁሉ ያየኛል።

ደውዬ ልጮህበት አልኩ፣ ተውኩት። እኔ ደውዬለት አላውቅም። ለምን ግን?

ዓርብ፣ ነሐሴ 16
ትልቅ ጎርፍ። ስልኩ ግን አጭር ነበር። «ዘንቧል፣ ሂጂ።» ኔትወርኩ ነው ወይስ እሱ? መጀመሪያ አጣራሁ፣ አሲዱን ከዚያ ጨመርኩ። ምንም አልተሳሳትኩም። ምነው በተሳሳትኩ።

ሰኞ፣ ጳጉሜ 3
ውጤቱ ከአዲስ አበባ መጣ። በተጣራው ውሃ ውስጥ እርሳስ የለም ማለት ይቻላል። ከሞላ ጎደል ሁሉም ከጭቃው ጋር ተጣብቆ ነው የወረደው። ጎርፍ ካልመጣ ካለበት አይነቃነቅም። አቶ ኒቆዲሞስ ደስ ብሏቸው «በቃ፣ ጨረስን! መለኪያው ነገ ይነቀል» አሉ።

በቃ?

ከሥራ ስወጣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። በር ላይ ቆሜ ደወልኩ።

«ሙኒያ? እዚህ ዝናብ የለም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ናፈቅከኝ።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«ያን እሑድም» አለ በመጨረሻ፣ «ያን እሑድም ዝናብ አልነበረም። ደመናም አልነበረም።»

ወላሂ፣ ያን ሁሉ ሰዓት በከንቱ መገተር! ልሰድበው አፌን ከፈትኩ… ሳቄ ቀደመኝ። እሱም ሳቀ።

«በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

«እንግዲያው ጠብቂኝ፣ እየወረድኩ ነው።»

ይኸው ድልድዩ ጋ ተቀምጬ እየጠበቅኩ ነው። ዛሬ ባልዲ አልያዝኩም።