የወገብሽ ልክ

ይድረስ ከዓይኔ ለራቅሽው ልጄ። እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? እኛ ደህና ነን። አባትሽ በሰፋሁለት ቢጃማ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ሬዲዮ ይሰማል፤ ንጉሥም እንዲህ አይደላው።

ለአዲሱ ቀሚስ ወገብሽን ለክተሽ የላክሽልኝ ክር ደረሰኝ። «ወፍሬያለሁ እማዬ፣ ምቾት ነው» ብለሻል። ትተሽው በሄድሽው ቀሚስ ወገብ ላይ ባዞረው፣ ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለኝ። በአራት ጣት አጠረ። አባትሽ «መንገድ ላይ ተኮማትሮ ይሆናል» ብሎ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰፋ ደረቅ ክር ፖስታ ውስጥ ሲያጥር አላየሁም።

ለማንኛውም ቀሚሱን በድሮው ልክሽ ሰፍቼ ልኬልሻለሁ። እንዳታስጠብቢው። ምንም ሳትደርቢበት ፎቶ ተነሺና ላኪልኝ።

ቀሚሱን ሞልተሽው ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እናትሽ