እሜቴ አልነሳም ያለችበት ምክንያት

ውድ ወንድምዓለም፣

ሰላምታዬ ከበራችን ተነስቶ ያለህበት ድረስ ይድረስልኝ። ጤናህ እንዴት ነው? ሳሉ ለቀቀህ ወይ? ያ ነፋስ የሚያስገባው መስኮትህስ ተጠገነልህ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ናፍቆትህን ካላነሳነው ደህና ነን። እማዬ አሁንም አንዳንዴ እኔን ልትጠራ ስትል ያንተ ስም ይቀድማታል።

በስልክ ስታገኘኝ ደህና ነኝ ብዬ ቶሎ ለእማዬ እንደማቀብላት ታውቃለህ። ይህ ነገር ግን በስልክ የሚነገር አይደለም፤ አባዬ አጠገቤ ሆኖ ይሰማል።

እሜቴ ታማ ነበር። አሮጊቷን የጭነት መኪናችንን ማለቴ ነው፣ እንዳትደነግጥ። ከሦስት ሳምንት በፊት አባዬ ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር ጠቅ ብላ ዝም አለች። ደግሞ አዞረ፤ ጠቅ። መብራቷም እንቅልፍ እንደያዘው ዓይን ፍዝዝ ይላል። ሰው ሲገፋት ግን ወዲያው ትነሳለች። አባዬ ባትሪው ነው ብሎ የዳቦ ቤቱን መኪና ባትሪ ተውሶ ሞከረ፤ ያው ናት። ዶክተር የምንለው መካኒክ መጥቶ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አወለቀና መሬት ላይ ከባትሪ ጋር አገናኘው፤ እንደ እንዝርት ሾረ። መልሶ ሲያስረው ጠቅ። ሁለት ጊዜ ፈትቶ ሁለት ጊዜ መለሰው። በመጨረሻ እጁን እየጠረገ፣ እርጅና መድኃኒት የለውም አለ።

አባዬን የሰበረው ግን ይህ አይደለም። ጡብ ባራገፈበት ቦታ ሁሉ ግፉልኝ እያለ ሰው መለመን ሆነ ሥራው። አንድ ቀን አብሬው ነበርኩ። ከግንባታ ሠራተኞቹ አንዱ፣ ፋዘር፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ ጋሪ፣ ፈረሱ የት ሄዶ ነው እኛን የሚጠምዱን አለው። ሁሉም ሳቁ፤ አባዬም አብሮ ሳቀ። እራት ላይ ግን ለእማዬ፣ የእኔም የእሷም ጊዜ አልፏል፣ ቅዳሜ ብረት ገዢው መጥቶ ይውሰዳት አላት። ላንተ እንዳይነገርም አስጠነቀቀን።

ሐሙስ ዕለት ዶክተር ለመጨረሻ ጊዜ ሊሞክር መጣ። እኔ ጋቢና ገብቼ ቁልፉን ደጋግሜ አዞርኩ። እሱና አባዬ ተስፋ ቆርጠው ሲሄዱ ኮፈኑን ልዘጋ ጎንበስ ስል፣ ከባትሪው መጥቶ ሻንሲ በምንለው የሥር ብረቷ ላይ የሚታሰረውን ወፍራም ሽቦ እጄ ነካው። ጫፉ ያቃጥላል። አባዬ መኪናም እንደ ሰው ያመማት ቦታ ይሞቃል የሚለውን ታውቃለህ። ጠጋ ብዬ ቡሎኑን አየሁት። ከሥሩ አረንጓዴ ቀለም አለ።

ቀለሙ የእኔ ነው። ለዕረፍት ልትመጣ ትችላለህ የተባለ ጊዜ፣ አምራ ትጠብቅህ ብዬ ከበሩ በተረፈው ቀለም ሻንሲዋን ቀብቼ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ቡሎኑን ዙሪያውን ቀብቶ ያልፈዋል። እኔ ግን ንጹሕ ሥራ ልሥራ ብዬ ቡሎኑን ፈትቼ፣ ሽቦውን አንስቼ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ቀብቼ መልሼ አሰርኩት። ቀለም ኮረንቲ እንደማያሳልፍ የት አስቤው። ጥቂት ቀን እንደምንም ሠራችና እምቢ አለች። አባዬ ደግሞ ልጄ እሜቴን ሙሽራ አደረገቻት እያለ ለሰፈሩ ሁሉ አሳይቷል።

እስከ ቅዳሜ ልናገር እነሳለሁ፣ እመለሳለሁ። በእኔ ምክንያት እኮ ነው የተሳቀበት። ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ዕቃውን ከጋቢና ሲያወጣ አየሁት፤ እማዬ የሰፋችለትን ትራስ፣ መነጽሩን፣ ያንን የተሸራረፈ ኩባያ፣ አንድ በአንድ አቧራውን እያራገፈ። ያኔም መናገሩ አልሆነልኝም። አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍና ብርጭቆ ወረቀት ይዤ ሄድኩና ቡሎኑን ፈታሁት። ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈግኩት። ቀና ስል አባዬ ከኋላዬ ቆሟል። እጄ ላይ ያለውን አረንጓዴ ብናኝ አየ፣ ቡሎኑን አየ፣ እኔን አየ። አባዬ እኔ ነኝ አልኩት። አጥብቂው ብቻ አለኝ። አጠበቅኩት። ገብቶ ቁልፉን ሲያዞር በአንድ ጊዜ ተነሳች።

ድምፁን ሰምቶ ዶክተር ከጋራዡ መጣ፤ ብረት ገዢውም በዚያው ደረሰ። ምን ሆና ነው ሲሉት አባዬ፣ ቡሎን ነው፣ እኔው አላልቼ ረስቼው አለ። ዶክተር ሳቁ አላቆም አለው። ሠላሳ ዓመት ነድተህ ቡሎን ማጥበቅ ጠፋህ፣ በል መንጃ ፈቃድህን ለልጅቷ ስጣት አለው። ብረት ገዢው እንኳን ባዶ እጁን እየተመለሰ ይስቃል። የግንባታ ሠራተኞቹ ሳቅ አባዬን ምን ያህል እንዳመመው አይቻለሁ፤ አሁን ስለ እኔ ብሎ በገዛ አፉ መሳቂያ ሆነ። እኔ ደግሞ አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ። ወንድምዓለም፣ ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ብዕሩን አስቀመጥኩና ጋራዡ ሄድኩ። ዶክተር ምን ተልከሽ ነው አለኝ። መሬት መሬቱን እያየሁ፣ ቡሎኑ አልላላም ነበር፣ ከሥሩ የቀባሁት እኔ ነኝ፣ አባዬ ምንም አልረሳም አልኩት። ሞተሪኖ ሁለቴ ፈትቼ ሽቦውን አንዴ ያልነካሁት እኔ፣ በማን ላይ ነው የምስቀው አለ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ሰውየው ነፃ ወጥቷል ብሎ ለሠራተኞቹ ተጣራ።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። አባዬ ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ ማን ተናገሪ አለሽ አለኝ። ማንም አልኩት። ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝና፣ እማዬ እስክትጠራን ድረስ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

እማዬ ጉንጭህን ትስምሃለች፤ ሹራብ ደርብ ብላሃለች። ትንሿ እህታችን የፊት ጥርሷ ስለወለቀ ስትመጣ እንዳትስቅብኝ በይልኝ ብላለች። አብረውህ ለሚኖሩት ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። አባዬ ደግሞ፣ መኪናዋ ደህና ናት ብለሽ ጻፊለት፣ ሌላ ነገር አትጨምሪ ብሎኛል፤ አንተም ሌላ ነገር እንዳልሰማህ ሁንለት።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ
ከቤታችን፣ ሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት